ድርቆሹ የታለ?

ልቦለዴን ሰጠሁት፣ ላባቴ ለታይስቶ፣
ጦርነቱ ያለበትን፣ ዋናውን ምዕራፍ፤
ምድጃው አጠገብ፣ መነጽሩን ሰክቶ፣
ጣቱን እያራሰ፣ ጀመረው ከጫፍ።
ውጭ በኩህሞ ላይ፣ በረዶ ይጥላል፤
ሐይቁ ከነጀልባው፣ ደርቆ ተኝቷል።

ጽፌያለሁ እኮ!
ዐሥር ሺህ ፈረሰኛ፣ ሌሊቱን ጋልቦ፣
ሦስት ተራራ ወጥቶ፣ ጎሕ ሲቀድ ተሰልፎ፣
ቀኝ ክንፉ እንደ ማጭድ፣ ጠላቱን ከብቦ፣
ግራው እንደ ጎርፍ፣ መሐሉን ጥሶ አልፎ፤
ንግሥት ከኮረብታው፣ ሰይፏን ስታነሣ፣
ዘንዶው በደመናው፣ ሲያገሣ፣ ሲያገሣ።

«እንዴት ነው?» አልኩት።
ምድጃው ውስጥ አንድ ግንድ ፈነዳ።

«ዘንዶው ግዴለም» አለ፤ «እኔ ዘንዶ አላየሁም፤
ያላየሁትን ነገር፣ ውሸት ነው አልልም።
ግን ሄልቪ፣
ድርቆሹ የታለ?»

«የምን ድርቆሽ?»

«የፈረሶቹ ነዋ!
አንድ ፈረስ በቀን፣ ዐሥር ኪሎ ይበላል፤
ዐሥር ሺው፣ ሺህ ኩንታል። ማን ተሸክሞታል?
ባንድ ሸርተቴ ላይ፣ አራቱን ብትጭኚ፣
ሁለት መቶ ሃምሳ፣ ሸርተቴ ለምኚ፤
የሚጎትተውስ? እሱም ፈረስ አይደል?
እሱም ከጫነው ላይ፣ ሳይቆነጥር አይውል።»

ተነሥቶ አወረደ፣ የናቴን ቆርቆሮ፣
የሸሚዝ ቁልፎቿን፣ ታኖርበት የነበር፤
በሣልኩት ካርታ ላይ፣ ገለበጠው ዞሮ፤
ጥቁሩ እግረኛ ሆነ፣ ቡኒው የፈረስ ጦር፤
ከሠርግ ቀሚሷ፣ የተረፈች አንዲት
ዕንቁ መሳይ ቁልፍ፣ እሷ ደግሞ ንግሥት።

«ይህች መንገድ» አለኝ፣ «ስንት ታሳልፋለች?»
«አላሰብኩትም» አልኩ።
«ሁለት ፈረስ፣ ጎን ለጎን፤ ጫካ ነው፣ ጠባብ ነች።
ቁጠሪ እንግዲህ፤ ግንባሩ ሲዋጋ፣
ጭራው ከሰፈሩ፣ አይወጣም እስኪነጋ።
ቀኝ ክንፍ ትያለሽ፤ ቀኙ መች ያውቅና
ግራው የት እንዳለ? ጭስ ነው፣ ደመና።
መለከትሽን ንፊ፤ ጥዱ ይውጣል ድምፁን፤
መልእክተኛ ላኪ፤ ይስታል መንገዱን።
ደረሰ እንበል፣ ‹ዙሩ› አላቸው፤ በምን ቦታ ይዞራሉ?
ከኋላ የሚመጡት፣ መች ቆመው ያውቃሉ?»

ተናድጄ ነበር። «ልቦለድ ነው» አልኩት፣
«አንባቢ ድርቆሽ አይቆጥርም።»

አልመለሰልኝም።
ጣቱ አንዲት ቡኒ ቁልፍ ላይ
ቆሞ ቀረ።

«ቫፑ» አለ።

አርባ ስድስት ዓመት፣ በዚህ ቤት ጣራ ሥር፣
ስለዚያ ክረምት አንድም ቃል አውጥቶ አያውቅም ነበር።

«ቀይ ባዝራ ነበረች።
ጥይት ይዛ ትሄዳለች፣ ቁስለኛ ይዛ ትመለሳለች።
በአራተኛው ሌሊት ድርቆሽ አለቀ።
የዛፍ ቅርፊት ልጬ ሰጠኋት፤ በላች።
ከዚያ የሸርተቴውን ጠርዝ
በጥርሷ መገዝገዝ ጀመረች።
ድምፁ ይሰማኝ ነበር። ተኝቼ።
አዛዡ ካርታው ላይ ቀስት ሥሎ ነበር፣
ቀይ ቀስት፣ ቆንጆ፣ ልክ እንዳንቺው።
ቀስቱ መንደሩ ደርሷል።
እኛ አልደረስንም።»

ቁልፎቹን አንድ በአንድ፣ መልሶ ከተተ፤
ንግሥቲቱን መጨረሻ፣ በመሐረብ ጠርጎ።
«እንጨት ልፍለጥ» ብሎ፣ ወጣ እየጎተተ
ያን የዱሮ ቦቱን፤
መጥረቢያው ሲመታ፣ እስኪመሽ ሰማሁት።

ዐሥር ሺው ተቀንሶ፣ ስምንት መቶ ሆነ።
ንግሥቲቱ ሦስት ቀን፣ ድንኳን ውስጥ ተቀምጣ፣
ስንቅ እየጠበቀች፣ ጉንፋን ይዟት ቀረች፤
ውጊያው ግማሽ ገጽ ነው፣ መንገዱ መቶ ገጽ።
ከሄልሲንኪ አሳታሚው ደወለ፦
«ጦርነቱን ምን በላው?»
«ፈረሶቹ» አልኩት።

ዘንዶውም አልቀረም፣ እሳቱን ይተፋል።
ግን በመጽሐፌ ውስጥ፣ ፈጽሞ የማይሆን
አንድ ነገር ብቻ፣ አውቄ ጽፌያለሁ፦
በአራተኛው ሌሊት፣ በረዶውን ሰንጥቆ፣
ማን እንደላከው ያልታወቀ አንድ ሸርተቴ
አጃ ጭኖ ደረሰ፤
ቀይዋ ባዝራ በላች።

አባቴ አነበበው። እርሳሱን አነሣ።
«ይህ አይሆንም» አለ።
ቆየ።
እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰካ፣
ገጹን ገለጠ።